«አንድ ቁጥር ብቻ ንገረኝ»፦ ስለ አዋሽ፣ ስለ አባይና ስለሚመጣው ውሃ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ባለፈው እትም «የአየር ንብረት ለውጥ የወንዞቻችንን ውሃ ምን ያደርገዋል፣ እንዴትስ ይገመታል» የሚል ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ላካችሁ፣ እንዲያውም የአዘጋጇን ኢሜይል አጨናነቃችሁት። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል አምስት መርጫለሁ። አምስቱም ዞረው ዞረው የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ አንድ ቁጥር ንገረንና እንገላገል። እኔ ደሞ ሃያ ምናምን ዓመት ወንዝ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቁጥር እወዳለሁ፣ ግን በዚህ ጉዳይ አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ወይ ነገሩ አልገባውም ወይ የሚሸጠው ነገር አለው። ዓመተ ምህረት ላይ እንዳንጣላ ደሞ፣ እንደ ፈረንጅ ስቆጥር እ.ኤ.አ. እላለሁ፣ ዝም ካልኩ የኛው ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ ጋር አዋሽ መልካሳ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም እናመርታለን። ድሮ በአንድ ትንሽ ሞተር እንስብ ነበር፣ አሁን የካቲትና መጋቢት ላይ ውሃው ወርዶ ቱቦው አየር ነው የሚስበው። ሰው ሁሉ ክላይሜት ቼንጅ ነው በቃ፣ ወንዙ እየደረቀ ነው ይላል። ትልቅ ሞተር ልግዛ ወይስ ብሩን ጉድጓድ ላስቆፍርበት? ከሃያ ዓመት በኋላስ አዋሽ ይኖራል?»

ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ አዋሽ ይኖራል። ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባህር ሳያይ ጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው፣ ተፋሰሱ በዓመት በአማካይ ከ4.5 እስከ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያመነጫል፣ ይሄ በሃያ ዓመት ተሟጦ የሚያልቅ አይደለም። ግን አንተን ያስቸገረህ የዓመቱ አማካይ መች ሆነና፣ የካቲትና መጋቢት ናቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ።

አንተ ያለኸው ከቆቃ በታች ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ካለቀ ጀምሮ እናንተ ጋ በበጋ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው ክረምት ላይ ተጠራቅሞ ቀስ እየተባለ ከግድቡ የሚለቀቅ ነው። ስለዚ የካቲት ላይ ውሃው ሲወርድ ሰማዩን ከማየትህ በፊት ወደ ግድቡ በር ተመልከት፣ ስንት ተለቀቀ፣ ከበሩ እስከ አንተ ማሳ ድረስ ባለፉት አስር ዓመታት ስንት ሞተር ተተከለ፣ የወንጂ ሸንኮራ ስንት ሳበ። ግድቡ ራሱ ደሞ ስልሳ ምናምን ዓመት ደለል ሲበላ ኖሯል፣ ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይዝም፣ ክረምቱ እንደ ድሮው ቢዘንብ እንኳ ለበጋ የሚቀመጠው ያንሳል ማለት ነው።

የአየር ንብረቱ እጅ የለበትም አላልኩም። ሙቀት ሲጨምር ከግድቡ ላይ የሚተነው ይጨምራል፣ ያንተም ሽንኩርት ያው ሄክታር ላይ ቆሞ ከድሮው በላይ ይጠጣል፣ በልጉ ደሞ ከተዛባ ሁሉም ሰው ባንዴ ሞተሩን ያስነሳል። ግን ሁሉን ነገር ለክላይሜት ማሸከም ሌላ ችግር ያመጣል፣ ጥፋቱ የማንም አይሆንማ! ከናንተ ወረድ ብሎ መተሃራ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ አይተኸው ይሆናል፣ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን እስኪያስጨንቅ። እዛ የሚዘንበው ዝናብ በዚህ ልክ ጨምሮ አይደለም፣ ከስር የሚገባው ውሃና ከመስኖ የሚሰርገው ነው ዋናው። ሐሮማያ ሐይቅ ደሞ በተቃራኒው ደርቆ ነበር፣ እሱም ላይ ፓምፑና ደለሉ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ስለ ሞተሩ፦ አትግዛ። አንተ ትልቅ ስትገዛ ጎረቤትህም ትልቅ ይገዛል፣ ወንዙ ግን አያድግም። ጉድጓዱን ከማስቆፈርህ በፊት ውሃውን አስመርምር፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነህና ጨው ሊኖርበት ይችላል፣ ጥርስ የሚያበላሽ ፍሎራይድ ደሞ አለ፣ የወንጂን ሰው ጥርስ ታውቀዋለህ፣ ለመጠጥ እንዳታደርገው። እኔ ብሆን ግማሹን ብር ጠብታ መስኖ ላይ አውለውና የተከላ ጊዜዬን ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግሬ አራርቀዋለሁ፣ ሁሉም ሰው ሽንኩርቱን በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ውሃ ሲፈልግ እኮ ነው ቱቦው አየር የሚስበው። ሌላው ደሞ ምንም ወጪ የለውም፣ ወንዙ ዳር ያለ የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይ የድልድይ ምሰሶ ላይ በቀለም ምልክት አድርግና በየሳምንቱ ውሃው የት እንደደረሰ ደብተር ላይ ጻፍ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም ባለሙያ የሌለው ዳታ ይኖርሃል።

«ሰላም ጋሼ። ማስተርሴን በውሃ ምህንድስና እየሰራሁ ነው፣ ቴሲሴ የላይኛው አዋሽ ላይ ነው። ስዋት የሚባለውን ዝናብን ወደ ወንዝ ፍሰት የሚያሰላ ሞዴል አዘጋጅቼ ካሊብሬት አደረኩት (ከተለካው ፍሰት ጋር እንዲገጥም አስተካከልኩት)፣ በወር ዳታ ኤንኤስኢው (የመግጠሙ ነጥብ፣ 1 ፍጹም ነው) 0.78 መጣልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዛ ሦስት የአየር ንብረት ሞዴል አስገባሁበት፣ ለ2050ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዱ የወንዙ ፍሰት 22 በመቶ ይጨምራል አለኝ፣ አንዱ 18 በመቶ ይቀንሳል፣ አንዱ ደሞ ምንም። አማካሪዬ አማካዩን ውሰጂና ጨርሺ ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።»

እህቴ እንቅልፍ ማጣትሽ ጥሩ ምልክት ነው፣ እውነቴን ነው። አማካሪሽን ማሳጣት አልፈልግም፣ ግን የሦስቱ አማካይ ወደ ሲደመር 1 በመቶ ይመጣል፣ ይሄ ደሞ ሲነበብ «ምንም ለውጥ የለም» ይላል፣ አንዱ ጎርፍ ሌላው ድርቅ እያሉ ምንም የለም ብሎ መጻፍ ትልቅ ቅጥፈት ነው። አንድ እግርሽ እሳት ላይ አንዱ በረዶ ላይ ሆኖ በአማካይ ተመችቶኛል እንደማለት።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደተለያዩ። የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች መሬትን በትልልቅ አራት ማዕዘን ቆራርጠው ነው የሚያሰሉት፣ የአንዱ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ አንዳንዱ 200ም ይደርሳል። አዲስ አበባና አዳማ አንድ ካሬ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፣ አንዷ 2,400 ሜትር ላይ ሌላዋ 1,600 ምናምን ላይ ሆነው! ዝናባችን ደሞ በተራራና በሸለቆ፣ ከህንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚመጣ እርጥበት፣ በኤልኒኞ የሚወሰን ነው፣ ሞዴሎቹ እዚህ ላይ አይስማሙም። በሙቀት ላይ ሁሉም ይስማማሉ፣ ይጨምራል፣ በዝናብ ላይ ግን የምልክቱ አቅጣጫ እንኳን አያስማማቸውም። እንዲያውም ምስራቅ አፍሪካ ላይ የታወቀ እንቆቅልሽ አለ፣ ሞዴሎቹ የመጋቢት እስከ ግንቦቱ ዝናብ ይጨምራል ሲሉ ቆይተው መሬት ላይ ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኋላ ለብዙ ዓመት ሲቀንስ ነው የታየው።

ሁለተኛ፣ ወንዝ የዝናብን ለውጥ ያጎላዋል። በቀላል ሂሳብ ልንገርሽ። አንድ ተፋሰስ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፣ 800ው ተነነ ወይም እጽዋት ጠጡት፣ 200ው ወንዝ ገባ። ዝናቡ በ10 በመቶ ቢቀንስ 100 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሱ 60ው ከትነቱ ላይ ቢቀነስ 40ው ከወንዙ ይቀነሳል፣ 200 የነበረው 160 ሆነ፣ 20 በመቶ ወረደ። ዝናቡ 10፣ ወንዙ 20። አባይን ብታዪ ድንበር ላይ የሚደርሰው በአማካይ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ነው፣ ተፋሰሱ ላይ ከሚዘንበው ከአምስት እጁ አንዱ ገደማ ማለት ነው፣ የቀረው ሰማይ ነው የሚመለሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 አባይ ላይ በ17 ሞዴሎች የተሰራ ጥናት ነበር፣ ለክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ዝናቡ ከ15 በመቶ መቀነስ እስከ 14 በመቶ መጨመር መጣላቸው፣ ወንዙስ? ከ60 በመቶ መቀነስ እስከ 45 በመቶ መጨመር። አየሽ፣ ያንቺው ሲደመር 22 እና ሲቀነስ 18 ከዚህ አንጻር ጨዋ ልጆች ናቸው።

አሁን ደስ ያለሽ ነገር ላይ ውሃ ልቸልስ፣ ይቅርታ። 0.78 በወር ዳታ ብዙም አያስደንቅም። የኛ ወንዝ ነሐሴ ላይ ሞልቶ የካቲት ላይ የሚጎድል ነው፣ ይሄን ማንም ያውቃል፣ የየወሩን የብዙ ዓመት አማካይ በየዓመቱ ደግመሽ ብትጽፊ እንኳን ጥሩ ኤንኤስኢ ልታገኚ ትችያለሽ። አስይው እስቲ፣ ሞዴልሽ ከዛ ምን ያህል እንደሚሻል ጻፊ፣ ፈታኞችሽ ይገረማሉ። ከዛ ደሞ ካሊብሬሽኑን በተከታታይ ዓመት ከመክፈል ይልቅ እርጥቦቹን ዓመታት ለካሊብሬሽን፣ ደረቆቹን ለማረጋገጫ አድርጊያቸው፣ ቀጥሎ ደሞ ገልብጪው። በደረቅ ዓመት የሚወድቅ ሞዴል ስለደረቅ ወደፊት ምን ሊነግርሽ ነው?

ዳታውንም አትመኚው። ወጣት ሆኜ አንድ መስሪያ ቤት ስሰራ (ስሙ ይቅር) የአንድ ወንዝ የውሃ ከፍታ መዝገብ ሳገላብጥ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትም ማታም 1.42፣ 1.42፣ 1.42 የሚል አገኘሁ። ሄደን ስናይ ስታፍ ጌጁን፣ የውሃ ከፍታ የሚነበብበትን ሰሌዳ፣ ጎርፍ ወስዶታል፣ አንባቢው ሰውዬ የጻፈው ሰሌዳው ሳይሄድ በፊት ያያትን የመጨረሻ ቁጥር ነው፣ ደሞዙ ለወራት አልተከፈለውም ነበር፣ አልፈረድኩበትም። ግን ያ ዳታ ዛሬም የሆነ ሰው ሞዴል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ከፍታው ትክክል ቢሆን እንኳን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ሬቲንግ ከርቭ ወንዙ አልጋውን በቀየረ ቁጥር መታደስ አለበት፣ አሸዋ የሚያመላልስ ወንዝ ላይ የአስር ዓመት ከርቭ ይዘሽ ብታሰይ ስህተቱ ከክላይሜቱ ለውጥ ሊበልጥ ይችላል። ላይኛው አዋሽ ላይ ደሞ ከላይ የሚሳበው መስኖና የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ አለ፣ የአቃቂን ወንዝ አትርሺ፣ ይሄን ሳታስተካክይ ካሊብሬት ካደረግሽው ሞዴልሽ የሰውን እጅ የአፈር ጸባይ አድርጎ ይማረዋል።

ባያስ ኮሬክሽን፣ ማለትም የአየር ንብረት ሞዴሎቹን ስህተት ከተለካው ጋር አስተያይቶ ማረም፣ እንደሰራሽ እገምታለሁ። ሞዴሎቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የማካፋት አባዜ አለባቸው፣ ይሄን ማረም የግድ ነው፣ ግን ኳንታይል ማፒንግ የሚባለው የማረሚያ ዘዴ የለውጡን መጠን ራሱን አንዳንዴ ያሳብጠዋል ወይ ያኮስሰዋል፣ ስለዚ ከማረምሽ በፊትና በኋላ የዝናቡ ለውጥ ስንት በመቶ እንደሆነ ጎን ለጎን አስቀምጪ። በሦስት ሞዴል አትቆሚ፣ ሲሚፕ 6 ከሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ አስርም አስራ አምስትም ውሰጂ፣ ኮምፒውተርሽ ሌሊቱን ይስራ። ለ2050ዎቹ እ.ኤ.አ. ደሞ በተለያዩት የጋዝ ልቀት ግምቶች መሃል ያለው ልዩነት ገና ትንሽ ነው፣ የሚያለያይሽ ሞዴሉና የአየሩ የራሱ መዋዠቅ ነው፣ ወደ 2090ዎቹ እ.ኤ.አ. ስትሄጂ ነው የልቀቱ ነገር ጎልቶ የሚመጣው። ውጤቱን ስትጽፊ «ከ15 ሞዴል 9ኙ ክረምት ላይ ጭማሪ ያሳያሉ፣ የበጋው ዝቅተኛ ፍሰት ላይ ግን 11ዱ መቀነስ» አይነት አረፍተ ነገር ጻፊ (ቁጥሮቹ የኔ ፈጠራ ናቸው፣ ያንቺን አስገቢ)። አማካሪሽ ካኮረፈ ይሄን ገጽ አሳዪው፣ ወይም ተይው አታሳዪው፣ መመረቅም አለ።

«ልጄ እንደምን አለህ። እኔ 74 ዓመቴ ነው፣ አዳማ ነው የምኖረው። በቴሌቪዥን ድርቅ መጣ ይላሉ፣ በዓመቱ ደሞ ጎርፍ ወሰደን ይላሉ። ውሃው ይበዛል ነው ወይስ ያንሳል? እውነቱን ንገረኝ።»

አባቴ ሁለቱም ነው፣ አይቆጡኝ። በ2007 ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ጠፍቶ አስር ሚሊዮን ሰው እርዳታ ጠባቂ የሆነበትን ያስታውሳሉ። በ2012 ክረምት ደሞ አዋሽ አፋር ላይ ሞልቶ በአስር ሺዎች ሰው አፈናቀለ። አምስት ዓመት ብቻ እኮ ነው መሃላቸው። የሞቀ አየር በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፣ ስለዚ ሲዘንብ ባንዴ ያወርደዋል፣ ሲጠፋ ደሞ መሬቱን ፈጥኖ ያደርቀዋል። የዓመቱ ድምር ብዙ ሳይቀየር እንኳን አመጣጡ ከተበላሸ ጎርፍ ሆኖ አቤ ሐይቅ የገባ ውሃ ለእርስዎ ቧንቧ አይጠቅምም።

እ.ኤ.አ. በ2017 አባይ ላይ የወጣ ጥናትም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ አማካዩ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ ከዓመት ዓመት ያለው መዋዠቅ ግን በዚህ ክፍለ ዘመን ካለፈው በ50 በመቶ ገደማ ሊብስ ይችላል፣ እሱም ቢሆን ብዙ ከፍ ዝቅ ሊል የሚችል ግምት ነው። አንድ ልለምንዎ ግን፣ ድሮ በልግ መቼ ይገባ እንደነበረ፣ የቱ ወንዝ በየትኛው ወር ይሻገሩት እንደነበረ ለልጅ ልጆችዎ ያጽፏቸው። የዝናብ ጣቢያ ያልነበረበት ሰፈር ብዙ ነው።

«ሰላም። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ለህዳሴ ግድቡ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ እህቶቼም ገዝተዋል። ክላይሜት ቼንጅ አባይን ያደርቀዋል የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ግድቡ ውሃ ያጣ ይሆን?»

አይዞሽ። ሙሌቱ ሐምሌ 2012 ተጀምሮ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ይሄ የአባይ የአንድ ዓመት ተኩል አማካይ ፍሰት ነው። ይህን ያህል የሚይዝ ግድብ አንድ መጥፎ ክረምት ቢመጣ አይናጋም፣ ካለፈው ያስቀመጠው አለ። የሚያሳስበው ተከታታይ ሦስት አራት ደረቅ ዓመት ሲመጣ ነው፣ ያኔ ምን ያህል ይለቀቅ፣ ማን ምን ያህል ይታገስ የሚለው ከኢንጂነሩ እጅ ወጥቶ የፖለቲከኞቹ ይሆናል። ስለዚ «አባይ ይደርቃል» ያለሽን ሰው በየትኛው ሞዴል፣ በስንት ሞዴል፣ ለየትኛው ዓመት ብለሽ ጠይቂው፣ አብዛኛው እዛ ጋ ወሬውን ይቀይራል።

«የተከበሩ አምደኛ፣ እኔ በወረዳ ውሃ ጽህፈት ቤት የመስኖ ባለሙያ ነኝ። ከዞን የአስር ዓመት እቅድ ውስጥ የአየር ንብረት ለውጥ ተጽዕኖ ይካተት የሚል ደብዳቤ መጣ። አንድ ትንሽ ገባር ወንዝ ላይ የመጥለፊያ ግንብ ልንሰራ ነው። ሞዴል ማስኬጃ ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም የለንም። ምን ልጻፍ? ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን 10 በመቶ ይቀንሳል የሚል ብጽፍ ችግር አለው?»

አለው ወንድሜ፣ አለው። ያ 10 በመቶ የየትኛው ወንዝ እንደሆነ አንተም አታውቅም፣ ዞኑም አያውቅም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ወረዳ ካንተ ሰነድ ላይ ይገለብጠዋል፣ እኔ ራሴ ስንት ሰነድ ላይ አንዲት ቁጥር በዚህ አይነት ስትዞር አይቻለሁ።

ኮምፒውተር ሳይኖርህ መስራት የምትችለው አለ፣ እንዲያውም ለውሳኔ ከሞዴሉ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ነገሩን ገልብጠው። ወደፊት ውሃው ስንት ይሆናል ብለህ አትጀምር፣ ይሄ ግንብ በስንት ውሃ ነው የሚከስረው ብለህ ጀምር። ለምሳሌ በብዛት የምንጠቀመው 80 በመቶ አስተማማኝ ፍሰት ነው አይደል፣ ከአምስት ዓመት በአራቱ የሚገኘው ማለት ነው። በጣም በሚጎድለው ወር፣ መጋቢት በለው፣ ይሄ ቁጥር 750 ሊትር በሰከንድ ሆነ እንበል። 600 ሄክታር ልታለማ ነው፣ በሄክታር 1 ሊትር በሰከንድ ብትይዝ 600 ትፈልጋለህ። ዛሬ 150 ተርፎሃል፣ ደስ ይላል። ፍሰቱን በ10 በመቶ ቀንሰው፣ 675፣ አሁንም ደህና ነህ። በ20 ቀንሰው፣ ልክ 600፣ አንዲት ጠብታ ወደ ታች አታልፍም፣ ከታች ያለው ቀበሌና ከብቱ የት ሊሄዱ ነው? በ30 ቀንሰው፣ 525፣ 75 ሄክታር ውሃ አጣ። አሁን ደሞ ሙቀት ጨምሮ ሰብሉ 1 ሳይሆን 1.1 ሊትር ቢፈልግስ፣ የምትፈልገው 660 ሆነ፣ ያን ጊዜ በ12 በመቶ ቅነሳ ብቻ ልክ 660 ላይ ትደርሳለህ፣ ከዛ ትንሽ ካለፈ ድርቅ ውስጥ ገባህ ማለት ነው። ይሄንን በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ሰርተህ ለዞን ስትልክ «የአየር ንብረት ተጽዕኖ» ብለው የጠየቁህን ከብዙ አማካሪ ድርጅት በተሻለ መልሰሃል።

ከዛ በኋላ ነው ሞዴሎቹ የሚጠቅሙህ፣ ኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ቅርብህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሄደህ «በኛ ተፋሰስ የመጋቢት ፍሰት በ12 በመቶ የሚቀንስበት እድል ምን ያህል ሞዴል ላይ ይታያል» ብለህ ትጠይቃለህ፣ ጥያቄህ የጠራ ስለሆነ መልስ ታገኛለህ። የዝናብ ዳታ ካጠረህም ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የሳተላይትና የጣቢያ ድብልቅ፣ ቺርፕስ የሚባል፣ ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ ለእያንዳንዱ ካሬ በነጻ ይገኛል፣ ዩኒቨርሲቲው ያወርድልሃል፣ ግን ተራራማ ቦታ ላይ ስለሚስት ካለህ ጣቢያ ጋር አመሳክረው።

እቅዱ ላይም 600 ሄክታሩን ባንዴ አትገንባ። ግንቡን ለ600 ስራውና ቦዩን መጀመሪያ ለ450 አድርገህ ጀምር፣ አምስት ዓመት መጋቢትን ለክተህ ውሃው ካለ ቀሪውን ትቀጥላለህ። አስተዳዳሪው ሪባን የሚቆርጠው ትንሽ ያንሳል እንጂ ገበሬው ዘርቶ አያለቅስም። ፍሰቱን የሚለካ ሰው ከሌለህ ደሞ ቢያንስ ከጥር እስከ ሚያዝያ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ራስህ ለካ፣ ቀጥ ያለ ቦታ ምረጥና ስፋቱን፣ ጥልቀቱን በየግማሽ ሜትሩ፣ ፍጥነቱን በተንሳፋፊ ብርቱካን፣ የብርቱካኑን ፍጥነት በ0.85 አባዛው ምክንያቱም ላይ ላዩ ከስሩ ይፈጥናል። የዚህ ዓመቱን የመጋቢት ልኬት ላክልኝና ሰንጠረዡን አብረን እንሰራዋለን።